ቲኬቱን ከመግዛታችሁ በፊት ቀና በሉ፦ ኢምፓየር ስቴት ሕንፃ ላይ ሦስት ጊዜ ወጥቼ ያየሁት

ኒውዮርክ ያለው ኢምፓየር ስቴት ሕንፃ 86ኛ ፎቅ መመልከቻ ላይ መጀመሪያ የወጣሁ ቀን ያየሁት ነገር ቢኖር ጉም ነው። ከ40 ዶላር በላይ ከፍዬ ጉም አየሁ። አጠገቤ የቆመ ሰውዬ ስልኩን ወደ ጉሙ ዘርግቶ ፎቶ ያነሳል። «ምኑን ነው የሚያነሳው?» ብዬ ልስቅ ስል ለካ እኔም ስልኬን ዘርግቻለሁ። ፎቶው አሁንም አለኝ። ግድግዳ አንስቼ ነው ብል የሚጠራጠረኝ የለም።

ጥፋቱ የራሴ ነው። ቲኬቱን ከሳምንት በፊት ገዝቼ «ከፍዬበታለሁ» ብዬ ድርቅ አልኩ። የዚያን ቀን ጠዋት 34ኛ ጎዳና ላይ ቆሜ ቀና ስል የሕንፃው የላይኛው ግማሽ የለም። መግቢያው ላይ ያለችው ሠራተኛም ዛሬ ምንም አይታይም ብላ ነግራኛለች። እኔ ግን «እስክወጣ ይገፈፍ ይሆናል» አልኩ። አልተገፈፈም።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ወጥቻለሁ። አንዴ ከእናቴና ከታናሽ ወንድሜ ጋር፣ አንዴ ብቻዬን። ኒውዮርክ ልትሄዱ ካሰባችሁ ብዙ ሰው የሚጠይቃችሁ «የትኛውን ቲኬት ገዛችሁ?» ብሎ ነው። እኔ ስለ ቲኬቱ ዓይነት ብዙም አልጨነቅም። የሚያስጨንቀው ሰማዩና ሰዓቱ ነው።

የሰማዩ ነገር ቀላል ነው። ከታች ሆናችሁ ቀና በሉ። የሕንፃውን ጫፍ፣ አንቴናውን ማየት ካልቻላችሁ ከላይ ሆናችሁም ታችን አታዩም። አለቀ። ከተማው ውስጥ ሦስት አራት ቀን የምትቆዩ ከሆነ የአየር ትንበያውን እያያችሁ ከአንድ ቀን በፊት ግዙ። ቀኑ ጥርት ያለ ከሆነ እስከ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ይታያል ይባላል፤ ሌሎች ስቴቶች ድረስ ማለት ነው። ጀምበር የምትጠልቅበት ሰዓት ግን ቶሎ ስለሚያልቅ እሱን ቀድሞ መግዛት ቁማር ነው። ቁማሩን ከወደዳችሁ ግቡበት፣ እኔ አንዴ ተበልቻለሁ።

ቲኬቱ ከሕንፃው ድረ ገጽ ወይም እዚያው ከውስጥ ይገዛል። ቀንና ሰዓት መርጣችሁ ነው የምትገዙት። በዙሪያው ባለው አስፋልት ዳር ባጅ አንጠልጥለው «ቲኬት! ቲኬት!» የሚሉ ሰዎች አሉ። እለፏቸው። ዓይናቸውን ካያችኋቸው አበቃ፣ እስከ ሚቀጥለው መብራት ይሸኟችኋል።

ዓይነቱን በተመለከተ ባጭሩ፦ 86ኛ ፎቅ ብቻ አለ፤ 86ኛውና 102ኛው አንድ ላይ አለ፤ ሰልፍ የሚያዘልል ደግሞ ለብቻው አለ። የመጨረሻው ዋጋ ያስደነግጣል። በሰመር፣ ቅዳሜ ማታ፣ ጊዜ አጥሯችሁ ካልሆነ ገንዘባችሁን አትጣሉ።

ስለ ሰዓት ካነሳን ደግሞ ከኛ ሰው በቀር ማንም ላይ የማይደርስ ጣጣ አለ።

እናቴ ልትጠይቀን የመጣችው ሴፕቴምበር ውስጥ ነበር። ያን ሰሞን ጀምበር የምትጠልቀው ማታ 1 ሰዓት ገደማ ነው። 12 ሰዓት ላይ ከገባን በቀን ብርሃንም በማታ መብራትም እናያለን ብዬ አሰላሁ። ላይ ከወጣችሁ በኋላ ውረዱ የሚል ስለሌለ ይሄ ስሌት ጥሩ ስሌት ነው። ወንድሜን «ለሐሙስ 12 ሰዓት ግዛልን» አልኩት። ወንድሜ እዚሁ አሜሪካ ነው ያደገው። አማርኛው ጥሩ ነው፣ ሰዓቱ ግን የፈረንጅ ነው። ገዛ። ቲኬቱን ስከፍተው እኩለ ቀን!

«12 አላልሽኝም?» አለኝ።

ብዬዋለሁ። ምን ልበል?

እናም እማዬን ይዘን በጠራራ ፀሐይ ሄድን። በባቡር ከመጣችሁ ሄራልድ ስኩዌር ጣቢያ ትወርዱና ጥቂት በእግር ነው። አምስተኛ ጎዳና ላይ ያለው ትልቁ በር ያሳስታል። የጎብኚ መግቢያው ግን ዌስት 34ኛ ጎዳና ቁጥር 20 ነው። ሻንጣ ይዛችሁ እንዳትመጡ፣ የሚያስቀምጥላችሁ የለም። የካሜራ ማቆሚያም አይገባም። ፍተሻው ልክ እንደ ኤርፖርት ነው።

የመስታወት ጠርሙስም ክልክል ነው። ይሄንን ያወቅነው እማዬ ቦርሳ ውስጥ ጭማቂ ሲገኝ ነው። ፈታሹ በትሕትና ወደ ቆሻሻ መጣያው ጠቆማት። እማዬ ደግሞ ገንዘብ የወጣበት ነገር አትጥልም። ከሰልፉ ወጣ ብላ፣ ክዳኑን ከፍታ፣ ግጥም አድርጋ ጠጣችው። መሃል ላይ አንዴም አልተነፈሰችም። ባዶውን ጠርሙስ ራሷ ወስዳ ጣለችና አፏን ጠርጋ ተመለሰች። ፈታሹ አጨበጨበላት። ወንድሜ እኛን እንደማያውቅ ሆኖ ወደፊት ሄደ።

ከፍተሻው በኋላ 2ኛ ፎቅ ላይ ሙዚየም አለ። ብዙ ሰው ወደ ሊፍቱ ሲሮጥ ዘሎት ያልፋል። አትዝለሉት። አንድ ግዙፍ የጎሪላ እጅ (ፊልሙ ላይ ሕንፃው ላይ የወጣው ኪንግ ኮንግ ነው) ግድግዳ በስቶ ገብቶ ሰዉ በጣቶቹ መሃል ቆሞ ፎቶ ይነሳል፤ ልጆች ካሏችሁ እዚያ ጋ ሃያ ደቂቃ እንደሚያልፍ አስቡ። እኔን የያዘኝ ግን የግንባታው ታሪክ ነው።

ሥራው የተጀመረው ማርች 17 ቀን 1930 ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።) ሜይ 1 ቀን 1931 ተመረቀ። 410 ቀን ብቻ! በሳምንት በአማካይ አራት ፎቅ ተኩል እየጨመረ ነው ያደገው። በአንድ ቀን ከ3,000 በላይ ሠራተኛ የተሰማራበት ጊዜ ነበር። ምርቃቱ ላይ ፕሬዚዳንት ሁቨር ዋሽንግተን ቁጭ ብለው ቁልፍ ተጫኑ፣ ሕንፃው በራ ተባለ።

በዚያ ሰሞን ከተማው ውስጥ ፉክክር ነበር። የክራይስለር ሕንፃ ሰዎች የጫፉን ሹል ብረት ሕንፃው ሆድ ውስጥ ደብቀው ገጣጥመው፣ በ1929 ድንገት ብቅ አድርገው 319 ሜትር ደረሱ። የኢምፓየር ባለቤቶች ደግሞ ላለመበለጥ አናቱ ላይ ሌላ ጫፍ ቀጠሉበት። ምክንያት ሲጠየቁ የአየር መርከብ ማሰሪያ ነው አሉ። ያ እንደ ፊኛ የሚንሳፈፈው ትልቁ መርከብ እዚያ ይታሰርና መንገደኛው በጠባብ መሸጋገሪያ ይወርዳል ተብሎ ነበር። በዚያ ከፍታ፣ በዚያ ነፋስ! ሐሳቡ ወዲያው ቀረ፣ ጫፉ ግን እስከ ዛሬ አለ። ይሄንን ለእማዬ ስተረጉምላት «ሰው ሰውን ለመብለጥ ብሎ ሰማይ ወጣ በይኛ» አለች።

ሕንፃው የተከፈተው ደግሞ በኢኮኖሚ ድቀቱ ዘመን ነበርና ቢሮ የሚከራይ ጠፋ። ሰዉ «ኢምፓየር» በማለት ፈንታ «ኤምፕቲ ስቴት» (ባዶው ስቴት) እያለ ይቀልድበት ጀመር። በመጀመሪያው ዓመት ከመመልከቻው የተገኘው ገቢ ወደ 2 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ ከኪራይ ከተገኘው ጋር እኩል። ያኔም ሕንፃውን ደግፎ የያዘው እንደኔ ዓይነቱ ጉም ተመልካች ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ስለ ጉም ከተነሳ፣ ጁላይ 28 ቀን 1945 ጉም ውስጥ መንገድ የጠፋበት ቢ-25 የጦር አውሮፕላን 79ኛው ፎቅ አካባቢ ገጭቶት 14 ሰው ሞቷል። ሕንፃው ንቅንቅ አላለም።

ሊፍቱ 80ኛ ፎቅ ድረስ አንድ ደቂቃ ያህል ቢፈጅ ነው። ጆሮ ይደፍናል፣ ምራቅ ዋጥ አድርጉ። 80ኛው ላይ በመስታወት ውስጥ ሆናችሁ ታያላችሁ። ወደ 86ኛው ሌላ ሊፍት ይዛችሁ ወይም ስድስት ፎቅ በደረጃ ትወጣላችሁ። ወንድሜ ደረጃውን መረጠ። እኔና እማዬ ለጉልበቷ ስንል ሊፍቱን ጠበቅን። ስንደርስ ቆሞ ሲጠብቀን አገኘነው፤ ግን ያለከልካል። በየዓመቱ ከታች እስከ 86ኛው 1,576 ደረጃ የሚሮጡ ሰዎች አሉ ብዬ ብነግረው ስድስት ፎቅ ወጥቶ ያለከለከ ሰው ደስ አይለውም፣ ዝም አልኩ።

86ኛው 320 ሜትር ነው። ከ320 ሜትሩ ይልቅ ትዝ የሚለኝ በሩ ነው። በሩን ከፍታችሁ ስትወጡ ነፋሱ ፊታችሁን በጥፊ ይመታችኋል። ጣሪያ የለም፣ መስታወት የለም። የከተማው ድምፅ ከታች ይመጣል። የመኪና ጥሩንባ፣ የአምቡላንስ ጩኸት፣ ሁሉም ቀጥኖ፣ ከጉድጓድ እንደሚወጣ ሆኖ። እዚህ ቦታ ላይ የሚከፈለው ገንዘብ ለኔ ለዚህ ነው። ሌሎቹ ከፍ ያሉ መመልከቻዎች ብዙዎቹ መስታወት ናቸው። ከመስታወት ጀርባ ከተማ ማየት ትልቅ ቴሌቪዥን እንደ ማየት ነው።

ዙሪያውን ከፍ ያለ የብረት አጥር አለ። በ1947 ነው የተደረገው፣ ራሳቸውን የሚወረውሩ ሰዎች ስለበዙ። ለፎቶ ያስቸግራል ብላችሁ አትፍሩ፣ የስልክ ካሜራ በብረቱ መሃል ያያል። ስልኩን ግን በሁለት እጅ። እማዬ ሻርፗን ጭንቅላቷ ላይ ሁለት ጊዜ ጠምጥማ አገጯ ሥር ቋጠረችውና «አሁን ይምጣ!» አለች፣ ነፋሱን ነው።

በደቡብ በኩል አዲሱን የዓለም ንግድ ማዕከል ሕንፃና ከሱ ወዲያ ውኃው ላይ የነፃነት ሐውልትን ታያላችሁ። ሐውልቷ ከዚህ ሲያዩዋት የጣት ጥፍር አታክልም። በምዕራብ ሃድሰን ወንዝና ኒው ጀርሲ። በሰሜን ሴንትራል ፓርክ አለ፤ አሁን ግን ቀጫጭን ረዣዥም ፎቆች ፊቱ ስለተደረደሩ በመሃላቸው ነው የምታጮልቁት። በሰሜን ምሥራቅ ክራይስለር። እኔ እንደ አስጎብኚ እየጠቆምኩ እተነትናለሁ።

እማዬ አንዱንም አላየችም። አጥሩን በሁለት እጇ ይዛ ቁልቁል ታያለች።

«ልጄ፣ ይሄ ሁሉ የእንጨት በርሜል ጣሪያ ላይ ምን ያደርጋል?»

እኔ ከተማውን ስመላለስበት አንድም ቀን አስተውዬው አላውቅም። ግን እውነቷን ነው። ከዚያ ላይ ስታዩ የድሮዎቹ ሕንፃዎች ጣሪያ ላይ፣ በብረት እግር የቆሙ፣ ባርኔጣ ያደረጉ የእንጨት በርሜሎች አሉ። አንድ ሁለት አይደሉም፣ በየጣሪያው ነው። ዝናብና ፀሐይ አጥቁሯቸዋል። ወንድሜ ነው የሚያውቀው። የከተማው የውኃ ግፊት ስድስተኛ ፎቅ ድረስ ቢገፋ ነው። ከዚያ በላይ ላለው ውኃው በፓምፕ በርሜሉ ውስጥ ይገባና በራሱ ክብደት ወደ ቧንቧ ይወርዳል። አሁንም ድረስ ነው የሚሠሩት።

«እና ይሄ ሁሉ ሀብታም ከተማ በበርሜል ነው የሚጠጣው?» አለች። መቁጠር ጀመረች። ሃያ ምናምን ላይ ጠፋባት፣ እንደገና ጀመረች። ከምሥራቁ ጎን ወደ ደቡብ ዞራ፣ ከሰዉ ጋር እየተጋፋች፣ በርሜል ስትቆጥር ሃምሳ ደቂቃ አለፈ። ክራይስለርን በመጨረሻ እጇን ይዤ አሳየኋት። «ጥሩ ነው» አለች። አለቀ።

ስለ እኩለ ቀን ሐቁን ልንገራችሁ። ለፎቶ መጥፎ ሰዓት ነው። ብርሃኑ ከአናት ስለሚወርድ ፎቆቹ ጠፍጣፋ ይመስላሉ፣ ከሩቅ ያለው ደግሞ ጭስ የለበሰ ነው። ሰዉም ብዙ ነው። ቁልቁል መንገዱንና ጣሪያውን ለማየት ግን ከዚያ የተሻለ ሰዓት የለም፣ ጥላ አይሸፍንባችሁም። ከትልቅ ሰው ጋር ከሄዳችሁ ጠዋት ልክ እንደተከፈተ ግቡ፣ ያኔ ግፊያው ይቀላል። ሽንት ቤት ታች ጨርሳችሁ ውጡ። ላይ መቀመጫ አገኛለሁ ብላችሁ አትቁጠሩ። ፎቶ የሚያነሷችሁ ሠራተኞች ቢያስቆሟችሁ፣ መነሳትም ሆነ ፎቶውን መግዛት ግዴታ አይደለም።

ሦስተኛው ጊዜ ጃንዋሪ ነው። ብቻዬን። ቀኑን ሙሉ ሰማዩን ሳይ ውዬ፣ አንቴናው ጥርት ብሎ መታየቱን ከታች አረጋግጬ ነው ቲኬት የገዛሁት። በጃንዋሪ ጀምበር የምትጠልቀው 11 ሰዓት ሳይሞላ ነው። 10 ሰዓት ሲሆን ላይ ነበርኩ። ቅዝቃዜው አጥንት ይበሳል። ጓንት አድርጉ፤ ስልክ የሚነካ ጓንት ከሌላችሁ ጣታችሁን ትሰናበቱታላችሁ። በፈረንጆቹ ክረምት ግን አየሩ የታጠበ ነው። ሰልፍ የሚባል ነገርም አላየሁም።

ፀሐይዋ ኒው ጀርሲ ላይ ዝቅ ስትል ሁሉም ሰው ወደ ምዕራብ ጎን ጎረፈ። እኔ ቦታ ስላጣሁ ወደ ምሥራቅ ዞርኩ። ዕድል ነው። የቆምኩበት ሕንፃ ጥላ ከሥሬ ተነስቶ ጣሪያ ለጣሪያ ተኝቷል። በየደቂቃው ይረዝማል። ወደ ክራይስለር ጎን ነው የሚሄደው። ቀስ እያለ፣ መንገድ እየተሻገረ፣ እስከ ወንዙ። ከስንት ዓመት በኋላም ፉክክሩ አልበረደለትም ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ። አጠገቤ የነበረችው ሴትዮ ዞር ብላ አየችኝ። ጠቆምኩላት። እሷም ሳቀች፣ የገባት ግን አይመስለኝም።

ከዚያ መብራቶቹ መጡ። ባንዴ አይደለም። አንዱ እዚህ፣ አንዱ እዚያ፣ ከዚያ መንገዶቹ በሙሉ። ከደመቀው ጨለማ ይልቅ ያ መሃሉ፣ ሰማዩ ሰማያዊ ሆኖ መስኮቶቹ የበሩበት ሩብ ሰዓት ነው ደስ የሚለው። እሱን ለማግኘት ጀምበር ከመጥለቋ ከአንድ ሰዓት በላይ ቀድማችሁ ግቡ። ልክ በሰዓቷ የሚል ቲኬት ከገዛችሁ፣ እሷ ስትጠልቅ እናንተ ፍተሻ ላይ ናችሁ።

ያን ቀን ለማየት ያህል ለ102ኛውም ከፈልኩ። በመስታወት ሊፍት ትወጣላችሁ። ከ2019 ጀምሮ ዙሪያው ከወለል እስከ ጣሪያ መስታወት ነው። ጠበብ ያለች፣ ሞቅ ያለች፣ ጸጥ ያለች ክፍል ናት። ቆንጆ ናት። ነፋስ የለም፣ ጥሩንባ የለም። አሥር ደቂቃ ቆይቼ ወደ 86ኛው ተመለስኩ። ለሚበርደው፣ ነፋስ ለሚያስፈራው፣ ወይም ቀለበት ሊያጠልቅ ላሰበ ሰው ትሆናለች። ሌላው ይቅርበት።

ሌላ መታወቅ ያለበት፣ እዚህ ላይ ሆናችሁ የምታነሱት ፎቶ ውስጥ ራሱ ኢምፓየር የለም። የምትፈልጉት ኢምፓየር ያለበትን ፎቶ ከሆነ ሮክፌለር ሴንተር 70ኛ ፎቅ ውጡ፤ ሴንትራል ፓርክም ከዚያ ይሻላል። የማማው የማታ መብራት ቀለምም ላይ ላለ ሰው አይታይም። ወርዳችሁ፣ አምስተኛ ጎዳናን ይዛችሁ ትንሽ ራቅ ካላችሁ በኋላ ዞር በሉ። መብረቅ በዓመት ሃያ ምናምን ጊዜ ስለሚመታው፣ ነጎድጓድ ሲኖር ክፍቱ መመልከቻ ሊዘጋ ይችላል። እሱንም ትንበያው ላይ እዩ።

ነጥብ ስጪ ካላችሁኝ ለ86ኛው ከአምስት አራት ተኩል፤ ግማሹን የቀነስኩት በዋጋው ነው። ለ102ኛው ሁለት ተኩል። ለጉሙ ምንም።

ሙሉ ጉብኝቱ ሁለት ሰዓት ያህል ይወስዳል። እኔ በጃንዋሪው ሦስት ቆየሁ። ወርጄ ጣቶቼ ሲላቀቁልኝ፣ ካነሳኋቸው ውስጥ ምርጡን ለእማዬ ላክሁላት። መስኮቱ ሁሉ በርቶ፣ መንገዶቹ ወርቅ ፈሶባቸው፣ ክራይስለር ጫፉ እያበራ። ጠዋት መልስ ላከች።

«ደስ ይላል ልጄ። በርሜሎቹስ?»